የናፍጣው ባቡርና የቲርዛ ፊረን ሦስት ቁጥሮች

ቲርዛ ፊረን የባቡር ነጂ ሚስት ሆና ሠላሳ አንድ ዓመት ስትኖር፣ ባሏ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ አንድም ቀን አይታ አታውቅም ነበር። ሲወጣ ታየዋለች፤ የዳቦና የአይብ ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ፣ የሻይ ጣሳውን በጣቱ አንጠልጥሎ፣ የብራክሪግ ከተማን ቁልቁለት ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ጣቢያው ይወርዳል። ሲመለስም ታየዋለች፤ ፊቱ ጥላሸት፣ ዓይኑ ብቻ የሚያበራ፣ አንገቱ ሥር የተቀመጠው ጥቁር ደግሞ በሶዳም በሳሙናም የማይለቅ። በመካከል ያለው አሥር ሰዓት ምን እንደሆነ የምታውቀው ከልብሱ ብቻ ነው። የአንዱ እጅጌ ክርን ለምን ቶሎ ይሳሳል? የሌላውስ ለምን አይሳሳም? ሱሪው ጉልበት ላይ ያለችው ክብ ቃጠሎ ከየት መጣች? ሰኞ ሰኞ የልብስ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ስታሽ ይህን ሁሉ ታሰላስላለች።

መጠየቅ የማይሰለቻት ሴት ነበረች። ከልጅነቷም እንዲያው ናት። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ከትምህርት ቤት አስወጥተው መድኃኒት ቀማሚ ቤት በሠራተኝነት አስገቧት፤ እሷ አቧራ በጠረገች ቁጥር የጠርሙሱን ሁሉ ጽሑፍ ታነባለች። ሳምንት ሳይሞላት ሰውዬውን፣ «ጌታዬ፣ ይኼ መርዝ ነው ተብሎ ተጽፎበት ለሰው የሚሸጠው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ሳቀ እንጂ አልመለሰላትም። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ደግሞ ቲርዛ ሆድ ውስጥ አይሞትም፤ ተኝቶ ይጠብቃል።

አምብሮስ ደግሞ የቃል ንፉግ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

«ዛሬ እንዴት ዋልክ?»

«ሄድን፣ መጣን።»

«እንዲያው መሄድና መምጣት ብቻ?»

«ባቡር ሌላ ምን ያደርጋል?»

ተሳፍራ ብትሄድም ያው ነው። በእንፋሎቱ ባቡር ነጂው ከፊት፣ ከከሰሉ ክምር ማዶ ነው ያለው። ተሳፋሪ የሚያየው ጭስ ነው፤ መስኮት ከከፈተ ደግሞ ዓይኑ ውስጥ የሚገባ ብናኝ ያተርፋል።

ከጦርነቱ በኋላ ሥጋ በራሽን መታደሉ ያበቃበት ዓመት ነው፤ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ወሬው መጣ። በባሕሩ ዳር መስመር የእንፋሎቱ ይነሳና በናፍጣ የሚሄድ ባቡር ይገባል ተባለ። ጎታች የለውም አሉ። ሁለት አረንጓዴ ፉርጎ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከወለሉ ሥር ተደብቋል፤ በፊትም በኋላም ጫፍ ይነዳል፤ ከሰል አይበላ፣ ውኃ አይጠጣ። በባቡር ማደሪያው ያሉት ወንዶች ሳቁበት።

«ጎማ የረሱለት አውቶቡስ ነው» አለ አንዱ።

«ነጂው ትኬትም ይቁረጥ እንደሆነ ጠይቁልኝ!» አለ ሌላው።

ሳቁ ሳቁና መጨረሻ ላይ ለትምህርት ከተመረጡት አንዱ አምብሮስ ሆነ። መስመሩን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል፤ ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ነው፤ ለጡረታ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። አብሮት አሥራ አንድ ዓመት እሳት ያነደደው ክሌም ስቲል ግን አልተመረጠም። እሳት በሌለበት ባቡር እሳት አንዳጅ ምን ይሠራል? ክሌም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ብረት ማቅለጫው ሄደ። የሄደ ዕለት በፊረኖች በር ላይ ቆሞ፣ «በል እንግዲህ አምብሮስ፤ ከእንግዲህ እንቁላልህን ማን በከሰሉ አካፋ እሳት ላይ ይጠብስልህ!» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሁለቱም ጫማቸውን አዩ።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን አምብሮስ ሲመለስ ቲርዛ በሩ ላይ አስቆመችው።

«የት ዋልክ?»

«ሥራ።»

«በየትኛው ሥራ ነው አንገት ነጭ ሆኖ የሚመለሰው?»

እውነትም አንገቱ ነጭ ነበር። ልብሱ ላይ ጥላሸት የለም፤ እንደ ፋኖስ ግን ይሸታል። የጎረቤቷ የዶሊ ፔንራይስ ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ዶሊ ባሏ የሞተባት፣ ሆዷ ሰፊ፣ አፏም የማያርፍ ሴት ናት። «ቲርዛ፣ ባልሽ ባንክ ቤት ተቀጠረ እንዴ? እንደዚህ አምሮበት ያየሁት የሠርጋችሁ ዕለት ነው!»

ትምህርቱ ሦስት ሳምንት ነው። ለእያንዳንዱ ነጂ አንዲት ቀጭን፣ ግራጫ ሽፋን ያላት መጽሐፍ ታደለች። አምብሮስ ማንበብ ይችላል፤ ግን ጽሑፍ ዳገት ነው የሚሆንበት። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ቲርዛ መጽሐፏን ከእጁ ወሰደችና መነጽሯን ጠረገች፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ ከራት በኋላ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይሰማል። እንደዚያ ያለ ደስታ አግኝታ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተዘጋባት በር ነው፤ አሁን በገጽ በገጽ ይከፈትላታል።

«የሙት ሰው እጀታ ይላል። የሞተው ማነው?»

«ማንም አልሞተም። ነጂው ድንገት ቢሞት ማለት ነው። ነዳጅ መስጫው ላይ ያለው እጅ ከተነሳ ባቡሩ በራሱ ይቆማል።»

«ሲያስነጥስህስ?»

«ሲያስነጥሰኝ አልሞትም።»

«እኔ ያንተን ማስነጠስ ስለማውቀው ነው የጠየቅሁት።»

ከሁሉ የወደደችው የማርሹን ነገር ነው። ማርሹ አራት ነው። ሲነሳ በአንደኛ፤ በሰዓት አሥራ አምስት ማይል ሲደርስ ሁለተኛ፤ ሃያ ሰባት ላይ ሦስተኛ፤ አርባ አንድ ላይ አራተኛ። እንዲሁ አይቀየርም ታዲያ። ነጂው በአንድ እጁ ነዳጁን ይዘጋል፤ በሌላው ማርሹን ያስገባል፤ ሞተሩ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ይጠብቃል፤ ከዚያ ነዳጅ ይሰጣል። የጠበቀ ሰው ባቡሩ ይታዘዝለታል። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰባት፣ አርባ አንድ። ቲርዛ ድንች ስትልጥ ትላለች፣ ደረጃ ስትወለውል ትላለች። እሑድ በጸሎት ቤት አጠገቧ የተቀመጠችው ዶሊ ሰማቻትና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመዝሙር ቁጥር አየች። «ሃያ ሰባት ዛሬ የለም፣ አንቺ» አለቻት በጆሮዋ። «አንቺ ደግሞ ሰባኪው ሳይመርጥ ትመርጫለሽ።»

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ አምብሮስ መጥቶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ድንቹንና የበጉን ሥጋ ከምድጃ አውጥታ አቀረበችለት፤ አልነካውም። ኋላ ላይ ነገራት። አርባ አንድ ማይል ሲደርስ አራተኛ አስገባለሁ ብሎ ሁለተኛ አስገባ። ባቡሩ እንደሚታረድ አሳማ ጮኸ፤ ከወለሉ ሥር ጭስ ወጣ፤ ማርሹ ተቃጠለ።

«ሰው ይሳሳታል» አለች ቲርዛ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ያንኑ ደገመው። ያው ሦስተኛ ላይ ሆኖ፣ ያው ወደ ሁለተኛ፣ ያው ጩኸት። አሠልጣኙ ሚስተር ሄይግ ከወታደር ቤት መካኒክነት የመጣ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው ነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ሚስተር ፊረን» አለው፣ «አንድ ጊዜ ስህተት ነው። ሁለት ጊዜ ግን ሌላ ስም አለው። እርስዎን ማሳዘን አልፈልግም፤ ሦስተኛ የማስቃጥለው ባቡር ግን የለኝም። ሰኞ ፈታኙ ይመጣል።»

ሰኞ ከወደቀ ከእንግዲህ በመስመሩ ላይ አይወጣም። ቀሪውን ስምንት ዓመት በግቢው ውስጥ ባዶ ፉርጎ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ይኖራል፤ ባሕሩን ሳያይ፣ ሰው ሳያደርስ። አምብሮስን የበላው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። አባቱ ልክ በዚህ ዕድሜው ነበር የገዛ ቤቱን በር አጥቶ የጎረቤት በር ሲያንኳኳ የተገኘው። ከዚያ በኋላ የልጆቹንም ስም ረሳ።

«ቁጥሩ ከራሴ እየጠፋ ነው፣ ቲርዛ» አለ ሳህኑን እያየ። «እንደ አባቴ መሆኔ ነው።»

እሷ እጇን ጠረገችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሃያ ሰባት?»

«ተይኝ እስቲ።»

«ሃያ ሰባት፣ አምብሮስ?»

«ሦስተኛ።»

«አርባ አንድ?»

«አራተኛ።»

ቁጥሩን ከላይም ከታችም አዘበራርቃ ጠየቀችው። አንዱንም አልሳተም። የልጆቻቸውን ልደት፣ ያለፉትን የሦስት ነገሥታት ስም፣ ከብራክሪግ እስከ ካርላይል ያለውን ጣቢያ ሁሉ ወደፊትም ወደኋላም አስቆጠረችው። እንደ ውኃ አወረደው።

«ራስህ ደህና ነው» አለች። ከዚያም እንደ ልማዷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ታዲያ የሚሳሳተው ማነው?» አለች።

ዓርብ ያንን ጥያቄ ተሸክማ ዋለች። ቅዳሜ ጠዋት የማዕድ ቤቱን ጠረጴዛ አጸዳችና አራት የሻይ ስኒ ከአምብሮስ ጀምራ ወደ ራሷ በተርታ ደረደረች። አንደኛው ስኒ እሱ ፊት፣ አራተኛው እሷ ፊት ነው። የእንጨት ማንኪያ አንደኛው ስኒ ውስጥ አቆመች፤ እሱ ማርሹ ነው። የጨው ማሰሮውን በሌላው እጁ አስያዘችው፤ እሱ የሙት ሰው እጀታ ነው።

«ንዳ» አለችው።

«እመቤት፣ ያንቺ ነገር…»

«ከጣቢያው ወጥተሃል። አምስት። አሥር። አሥራ አምስት።»

ነዳ። ማንኪያው ከስኒ ወደ ስኒ ሄደ። አሥር ጊዜ እስከ ካርላይል ሄዱ፤ አሥር ጊዜ ምንም ስህተት የለም። አምብሮስ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ቁጥሩን እየጠበቀ፣ ስኒዎቹን ትክ ብሎ እያየ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ቲርዛ ከንፈሯን ነከሰች። እንዲህ ከሆነማ ምን ይገኛል?

በዚህ መሃል ዶሊ ፔንራይስ ስኳር ልትበደር በጓሮ በር ገባች። አየቻቸውና ቆመች።

«እዚህ ቤት ሻይ ሳይቀዳ ነው እንዴ የሚጠጣው?»

«ባቡር እየነዳን ነው» አለች ቲርዛ፣ ዓይኗን ከስኒው ሳትነቅል። «ሠላሳ።»

«ይህንንማ ለሰው የማወራው እኔው ነኝ» አለች ዶሊ። «ስማ አምብሮስ፣ ክሌም እንዴት ሆነልህ? ማቅለጫው አልተስማማውም ሲሉ ሰማሁ።»

አምብሮስ ፊቱን ወደ ዶሊ አዞረ። «ክሌም? አዬ፣ ሙቀቱ አያስከፋውም፣ የለመደው ነው። ነፋሱ ነው የናፈቀው። እዚያ ውስጥ ነፋስ የለም አለኝ…»

«አርባ አንድ» አለች ቲርዛ ቀስ ብላ።

ቃ! አለ ማንኪያው። አምብሮስ ስለ ክሌም ማውራቱን አላቋረጠም።

«አምብሮስ» አለች። «እጅህን እንዳታንቀሳቅስ። ማንኪያው የት ነው?»

ወደ ታች አየ። ማንኪያው ከሦስተኛው ስኒ ወደ ሁለተኛው ተመልሶ፣ እሱ ወዳለበት መጥቷል። የማን እጅ እንደሆነ ሊለይ የፈለገ ይመስል የገዛ እጁን አፍጥጦ አየው።

«አሁን ደግሞ ይኼን ንገረኝ» አለች ቲርዛ፤ ድምጿ ጓዳ ውስጥ ድመት እንዳገኘ ሰው ዝቅ ብሏል። «በድሮው ባቡር፣ ፍጥነት ሲጨምር እጅህ ምን ያደርግ ነበር?»

ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆት አያውቅም። አምብሮስ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፣ የማይታይ ትልቅ የብረት ዘንግ ጨበጠ። «ሲነሳ እስከ ጥግ ወደፊት እገፋዋለሁ» አለ። «ኃይል እንዲያገኝ። መሮጥ ሲጀምር ደግሞ እንፋሎቱ እንዳይባክን ቀስ እያልኩ… ወደ መሃል…» እጁ በአየር ላይ ወደ ሆዱ መጣች። እዚያ ላይ ቆመች።

ዶሊ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ አድርገኸዋል?»

«በቀን?»

«በሠላሳ ዓመት።»

ያንን የሚቆጥር የለም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንደሚባለው፣ ሰውዬው ሳይጠነቀቅ ሲቀር፣ መስመሩ ሲያምርለት፣ ሐሳቡ ወደ ባሕሩ ሲሄድ፣ ያቺ እጅ ሥራዋን ትሠራለች፤ ፍጥነት መጣ፣ መልስ።

«አየህ?» አለች ቲርዛ። «የጠፋ ነገር የለም። ራስህ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እጅህ ግን አልተመዘገበችም።»

አምብሮስ ሳቀ። አሥር ቀን ሙሉ ሳይስቅ የከረመ ሰው በመሆኑ ሳቁ ሳል ሆኖበት ዶሊ ጀርባውን መታችው። «እኔ ስኳር ልበደር ነበር የመጣሁት» አለች፣ «እዚህ ቤት ሐኪም ሆኜ ቀረሁ።»

ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ እጅን መምከር ሌላ። ቲርዛ በጠረጴዛው ማዶ፣ በአራተኛው ስኒ በኩል ወንበሯን ሳበች። «ፍጥነት ሲመጣ ወደ እኔ» አለችው። «ወደ ሆድህ አይደለም፤ ወደ ቲርዛ። በል።» ከዚያ የማታደርገው ነገር አልነበረም። መሃል ላይ የዓሣውን ዋጋ ትጠይቀዋለች፤ መዝሙር ትጀምራለች፤ የድስት ክዳን ትጥላለች። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ጊዜ እጁ ወደ ኋላ ተመለሰች። እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ቀጠሉ፤ በሰንበት ሥራ አይሠራም፣ ግን ስኒ ማንቀሳቀስ ሥራ ነው የሚል የትም አልተጻፈም ብላ ወሰነች። እሑድ ከምሳ በፊት አምስት ጊዜ ተሳሳተ። ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ። ያቺ አንድ ጊዜ የሁለቱንም ልብ እንደ ጠጠር ይዛ አደረች።

ሰኞ የልብስ ቀን ነው። የፊረኖች ጓሮ ዳገቱ ላይ ነው፤ ሐዲዱ ከሥሩ ያልፋል። ባቡር ከጣቢያው ሲወጣ ከእይታ ውጪ ነው፤ ከግንቡ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ይሰማል እንጂ አይታይም። ቲርዛ ያንን ጠዋት ከሌላው ቀን ቀድማ ገመዷን ዘረጋች። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አንሶላውን ያርገበግበዋል። እሷ የልብስ ማስያዣ እንጨት በአፏ ይዛ ቆማለች።

«ቲርዛ፣ የክሌም ሚስት ደግሞ ምን አለችኝ መሰለሽ…»

«ዝም በይ ዶሊ!»

ዶሊ ምን ሰዓት እንደሆነ ትዝ ያላት አሁን ነው። እጇን በአጥሩ ላይ አሻግራ የቲርዛን ሽርጥ ጫፍ ያዘች።

ከታች ሞተር ተነሳ። የእንፋሎቱ ባቡር ሲነሳ እንደ ደከመ ሰው ያቃስታል፤ ይኼኛው ያጉረመርማል። ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ጸጥ። ቲርዛ አንድ፣ ሁለት ብላ ቆጠረች። እንደገና አጉረመረመ፤ ወፍራም ድምፅ ነው፣ ሁለተኛ ገባ። ደግሞ ከፍ አለ። ጸጥ። ሦስተኛ። አሁን በግንቡ ጀርባ እየሮጠ ነው። «ሠላሳ» አለች በአፏ ውስጥ። «ሠላሳ አምስት።»

በዚያች ቅጽበት የባቡሩ መለከት በሁለት ድምፅ ጮኸ። መሻገሪያው ላይ አንድ ነገር ገብቷል፤ የወተት ጋሪ ይሁን ከብት አይታወቅም። ቲርዛ ማስያዣውን ነከሰች። የድስት ክዳን ማለት ይኸው ነው። ሰውዬው አሁን ሐሳቡ መሻገሪያው ላይ ነው፤ እጅ ብቻዋን ቀርታለች።

ጸጥ አለ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ይኼን ያህል ጸጥታ መጽሐፉ ላይ የለም። አራት። ዶሊ ሽርጧን ጨምድዳዋለች። ቲርዛ የምትጠብቀው የአሳማውን ጩኸት ነው።

መጣ፤ ጩኸት ግን አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ሆዱ የሞላ ድመት የመሰለ ድምፅ ነው። አራተኛ። ድምፁ እንደዚያው እያለ በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ራቀና ከነፋሱ ጋር ተቀላቀለ።

ቲርዛ ማስያዣውን ከአፏ አወጣች፤ የጥርሷ ምልክት እንጨቱ ላይ ቀርቷል።

«ምን ሆነ?» አለች ዶሊ። «ደህና ነው? ንገሪኝ እንጂ! እኔ ሁሉም አንድ ነው የሚሰማኝ!»

ሲመሽ አምብሮስ መጣ። ኮቱን ሰቀለ፣ ቦት ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ። ቲርዛ ጀርባዋን ሰጥታው ድንች ትቆርጣለች።

«እንዴት ዋልክ?»

«ሄድን፣ መጣን።»

ቢላዋውን ይዛ ዞረች። «አምብሮስ ፊረን!»

ያኔ ነገራት። መሻገሪያው ላይ አንዲት በግ ነበረች። መለከቱን ነፋ፤ በጓ ዘለለች። እጁ ማርሹ ላይ ናት። ወደ ኋላ ልትስብ ጡንቻዋ ሲወጠር ተሰማው፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ያዛት። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጮክ ብሎ «ወደ ቲርዛ» አለና ወደፊት ገፋ።

«ፈታኙ ሰማህ?»

«አጠገቤ ነው የተቀመጠው፣ እንዴት አይሰማም? ወረቀቱን ገለበጠና፣ ‘ቲርዛ የትኛዋ ጣቢያ ናት? እዚህ መስመር ላይ አላገኘኋትም’ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«‘የለችም፣ ቤት ናት’ አልኩት።»

ፈተናውን አልፏል።

አረንጓዴዎቹ ባቡሮች ለሕዝብ የወጡት በየካቲት፣ ውርጭ ባለበት ቀን ነው። ዛሬ ያንን ባቡር የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከተማው ግልብጥ ብሎ ነበር ጣቢያው ላይ የወጣው። ሰዉ ሁሉ የተጋፋው ለፊተኛው ወንበር ነው። በዚህ ባቡር ከነጂው ጀርባ ያለው ግድግዳ መስታወት ነው ተብሎ ተወርቷል፤ እዚያ የተቀመጠ ነጂውንም፣ ከነጂው ፊት ያለውን ሐዲድም ያያል። ቲርዛ አርባ ደቂቃ ቀድማ ነው የሄደችው። ዶሊን በክርኗ፣ ሁለት ሽማግሌዎችን በጃንጥላዋ አልፋ ልክ ከነጂው በስተኋላ ተቀመጠች። እግዚአብሔርም ይቅር ይበላት።

መስታወቱ ግን ተጋርዷል። ከነጂው ክፍል በኩል ጥቁር መጋረጃ እስከ ታች ወርዷል።

«ምነው፣ ባልሽ ሙሽራ ሆነ እንዴ የሚሸፋፈነው?» አለች ዶሊ ከኋላ። ፉርጎው ሁሉ ሳቀ።

ቲርዛ ገባት። ሰው ሠላሳ ዓመት በጭስ ተከልሎ ሲሠራ ኖሮ፣ ድንገት ከተማው ሁሉ ማጅራቱን ሊያይ ሲቀመጥ ያፍራል። ገባት፤ ግን አልማረችውም። በጋብቻ ቀለበቷ መስታወቱን መታች። አንዴ። ሁለቴ። የመጋረጃው ጥግ ተነሳና አንድ ዓይን ወጣ።

«ሕግ ነው» አለ ድምፁ ከመስታወቱ ማዶ እንደ ጉድጓድ ሰው።

«ሕጉን አንብቤዋለሁ!» አለች ቲርዛ፣ ፉርጎው ሁሉ እየሰማ። «ገጽ አሥራ ዘጠኝ! የሚወርደው ሲጨልም ብቻ ነው!»

ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ መጋረጃው ወደ ላይ ተጠቀለለ።

ብርሃን ገባ። መጀመሪያ ያየችው አምብሮስን አልነበረም። ሐዲዱን ነው። ሁለቱ ብረት ከእግሯ ሥር ተነስተው ሩቅ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ሄደው፣ በግራ በኩል ባሕሩ፣ በቀኝ የገዛ ጓሮዋ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ የገዛ አንሶላዋ። ይኼን ነበር ለካ «ሄድን፣ መጣን» የሚለው። ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያወራላት!

ከዚያ እጆቹን አየች። አንደኛው ነዳጅ መስጫው ላይ፣ ሌላው ማርሹ ላይ። ባቡሩ ተነሳ። አሥራ አምስት። ሃያ ሰባት። ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ላይ ፊቱ በስሱ ይታያል፤ ፍጥነት መለኪያው አርባን ሲያልፍ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እጁም ወደፊት ሄደች። ምን እንዳለ ማንም አልሰማም። ዶሊ ብቻ፣ «ብቻውን ያወራል እንዴ ይኼ ሰው?» አለች። ቲርዛ ጓንቷን አውልቃ ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አሳርፋለች።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሕዝቡ ወርዶ ሲያልቅ አምብሮስ ከክፍሉ ወጣ። አንገቱ ነጭ ነው፤ ጆሮው ግን ከሐፍረት ቀልቷል። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ጠበቃት።

«ድልድዩ ጋ» አለች ቲርዛ፣ «ሦስተኛውን ዘግይተህ ነው ያስገባኸው። ሃያ ዘጠኝ ደርሶ ነበር።»

«ተሳፋሪ ከነጂው ጋር ማውራቱ ክልክል ነው ይላል መጽሐፉ።»

«ገጽ ስንት ላይ?»

አምብሮስ ኮፍያውን ወደ ፊቱ ጎተተው። የዚያን ገጽ ቁጥር አያውቀውም፤ መጽሐፉን ያነበበችለት እሷ ናት።